«በቅርቡ» ብዬ የጻፍኩበት ኮከብ

ይህን ጽሑፍ መጻፍ የነበረብኝ የካቲት 2012 ላይ ነው። ዓመታት ዘግይቻለሁ። ያዘገየኝ የሥራ ብዛት አይደለም፤ ማፈር ነው። ባለፈው ጊዜ በዚሁ ቻናል ስለ ሐሰተኛ ዜና ረዘም ያለ ነገር ጽፌ ብዙዎቻችሁ «በርታ» ስትሉኝ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ምክንያቱም ከእነዚያ ዜናዎች አንዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የኮከብ ነገር ነው። ትንሽ ታገሱኝ፤ ሳይንሱ ራሱ ቢነበብ የማያስቆጭ ነው።

ታኅሣሥ 2012 ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን፣ ኢቲአርኤስኤስ 1ን፣ ከቻይና ምድር አመጠቀች። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 20፣ 2019 መሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች የኛ ናቸው ካላልኩ በቀር በፈረንጆቹ ናቸው።) ያን ሰሞን የሕዋ ወሬ ገበያው ደርቶ ነበር። እኔ ለአንድ ድረ ገጽ በጽሑፍ ቁጥር እየተከፈለኝ እሠራ ነበር፤ ብዙ ሰው ያነበበው ጽሑፍ ጭማሪ አለው። አዘጋጁ ደውሎ «ከሕዋ የሆነ ነገር አምጣ» አለኝ። በጋዜጠኝነት የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ከፊዚክስ ጋር ግን የተለያየነው አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ይሁን እንጂ ሥራ እምቢ የሚል ፍሪላንሰር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አከራይ ደግሞ እምቢታ አይገባውም።

ያገኘሁት ወሬ ቤቴልጂዩስ የሚባል ኮከብ ነበር። ጥር ላይ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ደጅ ወጥታችሁ ቀና ብትሉ ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር ተሰድረው ታያላችሁ። የኦሪዮን መታጠቂያ ናቸው፤ ኦሪዮን መጽሐፈ ኢዮብ ላይ ስሙ ያለው የኮከቦች ስብስብ ነው። ከመታጠቂያው በስተሰሜን፣ በትከሻው በኩል፣ ፍም የመሰለ ቀይ ኮከብ አለ። እሱ ነው። እኛ አገር በጣም ያምራል፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከፍ ብሎ ልክ አናታችን ላይ ለመድረስ ጥቂት ነው የሚቀረው።

ቤቴልጂዩስ በፀሐያችን ቦታ ቢቀመጥ መሬትን ውጦ፣ ማርስንም አልፎ ይሄዳል። ክብደቱ ከፀሐይ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ይገመታል። ዕድሜው ግን ከፀሐይ ጋር ሲተያይ የጨቅላ ነው፤ እሷ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ስትኖር እሱ ቢበዛ አሥር ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ሆኖም ሽማግሌው እሱ ነው። ትልቅ ኮከብ ሀብት እንደማይበረክትለት ሰው ነው፤ ብዙ ይዞ ይወለዳል፣ ፈጥኖ ይጨርሳል፣ መጨረሻ ላይ ይፈነዳል። ፍንዳታው ሱፐርኖቫ ይባላል።

እንግዲህ ይህ ኮከብ ከ2019 መገባደጃ ጀምሮ መደብዘዝ ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ በቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኤድዋርድ ጊናን ከባልደረባው ጋር ሆኖ ነገሩን ለሙያ አጋሮቹ ያሳወቀው ዲሴምበር ላይ ነው። ቤቴልጂዩስ ድሮም ይደምቃል ይደበዝዛል፤ 400 ቀን ገደማ የሚፈጅ ዑደት አለው፣ ስድስት ዓመት የሚጠጋ ሌላም አለው። የዚያን ጊዜው ግን ከልክ ያለፈ ነበር። ፌብሩዋሪ 2020 ላይ ከተለመደው ብርሃኑ የቀረው ከ40 በመቶ በታች ሆነ። በዓይን የሚታወቅ ለውጥ ነው። ከሰማዩ ደማቅ ኮከቦች አንዱ የነበረው ተራ ኮከብ መሰለ።

እኔ ምን ብዬ ጻፍኩ? «ቤቴልጂዩስ ሊፈነዳ ነው፦ ሳይንቲስቶች በቅርቡ ይጠበቃል አሉ።»

ይህን ርዕስ አዘጋጁ አይደለም የጻፈው። ብዙ ጊዜ ጋዜጠኛ ሲጠየቅ «ርዕሱን አዘጋጁ ነው የቀየረው» ይላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ይሄኛው የኔ ነው። ያነበብኩት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ «በሥነ ፈለክ አነጋገር በቅርቡ» ይል ነበር። «በሥነ ፈለክ አነጋገር» የምትለዋን ዓረፍተ ነገሩ ረዘመብኝ ብዬ ቆረጥኳት። በሥነ ፈለክ አነጋገር «በቅርቡ» ማለት አንድ መቶ ሺህ ዓመት ሊሆን እንደሚችል ያኔም አውቅ ነበር። ጽሑፉ ውስጥ አሥራ አንደኛው አንቀጽ ላይ ጠቅሼዋለሁም። አሥራ አንደኛ አንቀጽ ላይ የሚደርስ አንባቢ ስንት እንደሆነ እናንተም እኔም እናውቃለን።

ጽሑፉ በሁለት ቀን ውስጥ ከዚያ በፊት ጽፌያቸው ከነበሩት ሁሉ በላይ ተነበበ። በየፌስቡኩ ተቀባበሉት። ጭማሪዬን አገኘሁ። ጫማ ገዛሁበት።

በሳምንቱ እታለም ደወለች። እታለም የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው የምትኖረው፣ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ስልክ የምትደውለው ሰው ሲሞት ወይም በግ ሲታረድ ስለሆነ ደንግጬ አነሳሁት።

«ልጄ፣ አንተ ነህ አሉ የጻፍከው። የማኅበሩ ዕለት የጎረቤት ተማሪ ከስልኩ አነበበልን። ሰማዩ መቼ ነው የሚፈነዳው?»

«ሰማዩ አይደለም እታለም፣ አንድ ኮከብ ነው።»

«ኮከብ ከሰማይ ሌላ የት ይኖራል?»

ሳቅሁ። ሩቅ ነው፣ እኛ ጋ አይደርስም፣ አታስቢ አልኳት። እሷ «ስምንተኛው ሺህ ነው እንግዲህ» ብላ ተነፈሰች። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፣ ረዳቱ ሂሳብ እየጠየቀኝ ነበር፣ ቶሎ ዘጋሁት። እንደው ሁለት ደቂቃ ብናወራ ነው።

የነገርኳት እውነት ነበር። ቤቴልጂዩስ ከ500 እስከ 700 የብርሃን ዓመት ይርቃል። አንድ ሱፐርኖቫ ምድርን ለመጉዳት ከዚያ እጅግ የቀረበ መሆን አለበት። ቢፈነዳ ለሳምንታት በቀን ይታያል፣ ሌሊት እንደ ጨረቃ ጥላ ይሠራል፣ በዚያው ያበቃል። ዛሬ የምናየው ብርሃኑ ራሱ ከዚያ የተነሳው በዓፄ አምደ ጽዮን እና በዓፄ ልብነ ድንግል ዘመን መካከል የሆነ ጊዜ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ግን ለእታለም አላልኳትም፤ «አታስቢ» ነው ያልኳት። «አታስቢ» የተባለ ሰው ደግሞ ማሰብ ይጀምራል።

ከእታለም ቀጥሎ የደወለልኝ ፊዚክስ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነበር። እሱ አልሳቀም።

«አንተ ያየኸው ፊቱን ነው» አለኝ። «እምብርቱን ማን ነገረህ?»

ይህችን ጥያቄ ይዤ ነው እስካሁን የምኖረው። ሲያስረዳኝ የተጠቀመበትን ምሳሌ እኔም ልጠቀምበት፤ ከሱ የተሻለ አላገኘሁም። ክረምት ላይ ብርድ የያዘው ቤተሰብ አስቡ። መጀመሪያ የተከመረውን እንጨት ያነዳሉ፤ ለወራት ይበቃቸዋል። እሱ ሲያልቅ አመዱ ውስጥ የቀረውን ከሰል። ከዚያ አጥሩን። ከዚያ ወንበሩን። ከዚያ በሩን። የኋለኛው ነዳጅ ከፊተኛው ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ኮከብም እንዲሁ ነው። ስበት ወደ ውስጥ ይጫነዋል፤ እምብርቱ ውስጥ የሚነደው ነገር ወደ ውጭ እየገፋ ያቆመዋል። እሳቱ ከቆመ ይደረመሳል። ስለዚህ አንዱ ነዳጅ ባለቀ ቁጥር እምብርቱ ይበልጥ ተጨምቆ፣ ይበልጥ ግሎ፣ የቀደመውን አመድ ማንደድ ይጀምራል።

ክብደቱ የፀሐይን 25 እጥፍ ለሆነ ኮከብ ሳይንቲስቶች ያሰሉት ጊዜ እንዲህ ነው። ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም ሲያነድ ሰባት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይኖራል። ሂሊየሙ ከግማሽ ሚሊዮን ዓመት በላይ ይቆየዋል። ካርቦኑ 600 ዓመት። ኒዮኑ አንድ ዓመት። ኦክስጅኑ ስድስት ወር። ሲሊከኑ አንድ ቀን።

አንድ ቀን! ሚሊዮን ዓመታት የኖረ ኮከብ የመጨረሻ ነዳጁን ከማለዳ እስከ ማለዳ ይጨርሳል። ከሲሊከን የሚገኘው ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ቢዋሃድ ኃይል አይሰጥም። በሩም ወንበሩም አልቋል ማለት ነው። የመሬትን ያህል የሚሆነው የብረት እምብርት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይደረመሳል።

ለምን እንዲህ ይጣደፋል? የኋለኞቹ ነዳጆች የሚሰጡት ኃይል ማነሱ አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ግን ኒውትሪኖ የምትባለዋ ነገር ናት። ከካርቦን ጀምሮ እምብርቱ በጣም ስለሚግል ኃይሉ የሚወጣው በብርሃን ሳይሆን በኒውትሪኖ ነው። ኒውትሪኖ ግድግዳ አያግዳትም። አሁን ይህን ስታነቡ እንኳ በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ውስጥ በየሰከንዱ 60 ቢሊዮን ገደማ ከፀሐይ የመጡ ኒውትሪኖዎች እያለፉ ነው፤ አልተሰማችሁም። ከኮከቡም እንዲሁ የላይኛውን ክፍል ሳትነካ፣ ሳታሞቅ፣ ሳትነግረው ሾልካ ትወጣለች። ቤቱ እየተቃጠለ ጭሱ በጓሮ የሚወጣ ዓይነት ነው።

ስለዚህ ፊቱ አያውቅም። የላይኛው የኮከቡ ክፍል እጅግ ሰፊ ነው፤ እምብርቱ ላይ የሆነ ለውጥ በተለመደው መንገድ እዚያ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል፣ የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ደግሞ ያን ጊዜ አይሰጡም። ነገ የሚሞት ቀይ ግዙፍ ኮከብና መቶ ሺህ ዓመት የሚቀረው ቀይ ግዙፍ ኮከብ ጎን ለጎን ቢቆሙ በመልክ ላይለዩ ይችላሉ።

ታዲያ ያ ድብዘዛ ምን ነበር? አቧራ። ሚጌል ሞንታርዤ የሚመራው ቡድን ቺሊ በሚገኘው በአውሮፓውያኑ ትልቅ ቴሌስኮፕ ያነሳው ፎቶ አለ፤ ጃንዋሪ 2019 ላይ ኮከቡ ክብ ነው፣ ዲሴምበር ላይ ደቡባዊ ግማሹ ጠቁሯል። አንድሪያ ዱፕሪ የምትባል ተመራማሪ ደግሞ በሃብል ቴሌስኮፕ ስትከታተለው ከድብዘዛው በፊት የጋለ ጋዝ ከገጹ ወደ ውጭ ሲወረወር አይታለች። የተተፋው ጋዝ ርቆ ሲቀዘቅዝ አቧራ ሆነ፤ የገጹም አንድ ክፍል ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፤ አቧራው በእኛና በኮከቡ መካከል ተጋረደ። የሞንታርዤ ቡድን ውጤት በ2021 ሲታተም እኔ ሌላ ሌላ እየጻፍኩ ነበር። ኮከቡ ራሱ ኤፕሪል 2020 ላይ ወደ ብርሃኑ ተመልሷል። አስሎ ነው እንጂ አልሞተም።

እዚህ ላይ ነገሩን ብተወው ይሻለኝ ነበር፤ ጓደኛዬ ግን ሌላ ነገር ነገረኝና እንቅልፍ አሳጣኝ። «ሲሞቱ ካላየናቸው፣ ፊታቸውም ካልተናገረ፣ ስለ መጨረሻቸው በምን እናውቃለን?» ስለው «በድሮ ፎቶ» አለኝ።

ፌብሩዋሪ 23፣ 1987፣ በኛ የካቲት 16 ቀን 1979፣ ትልቁ የማጄላን ደመና በሚባለው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ አንድ ኮከብ መፈንዳቱ ታየ። ርቀቱ 160 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ ቢሆንም በባዶ ዓይን ይታይ ነበር። ቺሊ ላስ ካምፓናስ ላይ ያለው ካናዳዊው ኢያን ሼልተን ያነሳው ፎቶ ላይ ያልነበረ ኮከብ አየ፤ ወጥቶ ቀና አለ፤ አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ ማኅደር ሮጠ። እዚያ ቦታ ላይ ከፍንዳታው በፊት ማን ነበር? ኒኮላስ ሳንዱሊክ የሚባል ሰው በ1970 ባሳተመው ዝርዝር ውስጥ ተገኘ፦ ሳንዱሊክ −69° 202። ሰማያዊ ግዙፍ ኮከብ። ሊቃውንቱ ሲጠብቁ የኖሩት ቀይ ነበር። ያንን ኮከብ ማንም ለይቶ አልጠበቀውም፤ ሳንዱሊክም የመዘገበው ከብዙዎች መካከል እንደ አንድ ቁጥር ነው።

ይህ ጥበብ ከዚያ ወዲህ ሙያ ሆነ። ስቲቨን ስማርት እና ባልደረቦቹ ለዓመታት የሠሩት ይህንኑ ነው፤ አንድ ኮከብ በፈነዳ ቁጥር የዚያን ጋላክሲ የቆየ ፎቶ አውጥተው በቦታው የነበረውን ይፈልጋሉ። ቁም ነገሩ ፎቶውን ያነሳው ሰው ለሌላ ጉዳይ ማንሳቱ ነው። በዚህ መንገድ ብዙ ቀይ ግዙፍ ኮከቦች ተለይተዋል፤ ግን ከፀሐይ ከ17 ወይም ከ18 እጥፍ በላይ የሚከብዱት ከፈነዱት መካከል ጠፉ። ኖረው ሳለ ሲሞቱ አይታዩም። አንዳንዶቹ ሳይፈነዱ በዝምታ ተደርምሰው ጥቁር ጉድጓድ ይሆኑ ይሆን? ክሪስ ኮቻኔክና ጓደኞቹ በ2008 እንዲህ ብለው አሰቡ፦ የሚፈነዳ ከመፈለግ የሚጠፋ እንፈልግ። የጥናታቸውን ስም «ስለ ምንም የተደረገ ቅኝት» አሉት። እኔ እንዲህ የሚቀልዱ ሳይንቲስቶች ደስ ይሉኛል። አንድ ኮከብም አገኙ፤ 2009 ላይ ትንሽ ደመቅ ብሎ ከዚያ ከዓይን ጠፋ። በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ሲታይ ግን በቦታው አሁንም በኢንፍራሬድ የሚያበራ ነገር አለ፤ ስለዚህ ክርክሩ አልተዘጋም።

ከሁሉም የሚገርመኝ የሁለት ኮከቦች ታሪክ ነው። አንደኛው 2020 ላይ ፈነዳ፤ ሱፐርኖቫ 2020ቲኤልኤፍ ይባላል፣ 120 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በዊን ጃኮብሰን ጋላን የተመራው ጥናት እንዳሳየው ይህ ኮከብ ከመፈንዳቱ በፊት ባሉት 130 ቀናት ከወትሮው በላይ ያበራ ነበር። ማለትም ተናግሯል። ጥናቱ ጃንዋሪ 2022 ላይ ሲወጣ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ከመሞቱ በፊት እንዲህ ሲያደርግ በቀጥታ ሲታይ የመጀመሪያው ተባለ። ጥሩ፣ እንግዲህ ምልክቱ ተገኘ ያሰኛል።

ሁለተኛው ሜይ 2023 መጣ። ጃፓናዊው ኮይቺ ኢታጋኪ፣ ደሞዝ ሳይከፈለው ሰማይ የሚያስስ፣ ከመቶ በላይ ሱፐርኖቫዎችን ያገኘ ሰው ነው፤ ኤም 101 በሚባለው ጋላክሲ ውስጥ አዲስ ብርሃን አየ። 21 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ ጎረቤት ማለት ነው። ይህ ጋላክሲ ደግሞ ለዓመታት ደጋግሞ ፎቶ የተነሳ ነው። ሃብልም አንስቶታል፣ ስፒትዘርም አንስቶታል። ማኅደሩ ሲገለበጥ ኮከቡ ተገኘ፤ አቧራ የተከናነበ ቀይ ግዙፍ ኮከብ፣ 1000 ቀናት ገደማ በሚፈጅ ዑደት ከፍ ዝቅ የሚል። ከመሞቱ በፊት ባሉት ዓመታት የተለየ ብልጭታ ቢፈለግ ቢፈለግ አልተገኘም። ነገር ግን ከፍንዳታው በኋላ ባሉት ቀናት የታየው ብርሃን ኮከቡ በመጨረሻ ዓመታቱ ብዙ ጋዝ በዙሪያው ጥሎ እንደነበር መሰከረ። ውስጡ የሆነ ነገር እየሆነ ነበር ማለት ነው፤ በፎቶው ላይ ያለው ግን እንደወትሮው የሚተነፍስ ኮከብ ነው።

አንዱ ተናግሮ ሞተ፣ አንዱ ሳይናገር ሞተ። ሁለቱም ቀይ ግዙፍ ናቸው። እኔ በአንድ ድብዘዛ ተነስቼ «ሊፈነዳ ነው» ያልኩት በዚህ ጉዳይ ላይ ነው።

እርግጠኛ የሚያደርግ አንድ መልእክተኛ አለ፤ ያችው ግድግዳ የማያግዳት ኒውትሪኖ። በ1987ቱ ፍንዳታ ብርሃኑ ከመታየቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቀድማ ምድር ደርሳለች፤ ጃፓን፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የነበሩ መሣሪያዎች በድምሩ ሁለት ደርዘን ገደማ መዝግበዋል። ይህም የታወቀው ዜናው ከተሰማ በኋላ የተቀዳው ሲመረመር ነው። ዛሬ ጃፓን ካሚዮካ ተራራ ሥር፣ አንድ ሺህ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ 50 ሺህ ቶን ውኃ የያዘ ሱፐር ካሚዮካንዴ የሚባል ገንዳ አለ። እዚያው ተራራ ውስጥ ካሉ ሌሎች መሣሪያዎች ጋር እንደ ቤቴልጂዩስ ያለ ቅርብ ኮከብ ሲሊከኑን ማንደድ ከጀመረ በሰዓታት ቀድሞ ደወል ሊያሰማ ይችላል። ሰዓታት እንጂ ዓመታት አይደለም። ከዚያ ተራራ ድምፅ ሳይመጣ «በቅርቡ» የሚል ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ እየገመተ ነው።

ማስተካከያ ጻፍኩ። ድረ ገጹ አወጣው። ያነበበው ሰው በጣት ይቆጠራል፤ አንዱ «ታዲያ አይፈነዳም ማለት ነው? በከንቱ!» ብሎ አስተያየት ሰጠበት። ለእታለም ግን አልደወልኩም። የረሳችው መስሎኝ ነበር። መጋቢት 4 ኮሮና አዲስ አበባ ገባ ተባለና የኮከቡን ነገር እኔም ረሳሁት።

ክረምት ላይ ነው ወሬውን የሰማሁት። እታለም ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዷት ነበር። የካቲት 2012 ላይ ከተማ ባለ ሆስፒታል ነፃ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ነበረ፤ ስሟም ተመዝግቦ ነበር። አልሄደችም። «ሰማይ ሊፈነዳ ዓይኔን ተገልጬ ምኑን ላየው ነው» ብላ ቀረች። ለጎረቤቶቿም «የኔው ልጅ ነው የጻፈው፣ ዋሽቶ አያውቅም» ትላቸው ነበር አሉ። በወሩ ኮሮና መጣ፤ ዘመቻውም ሕክምናውም ቆመ። በኮሮና ላይ ጦርነቱ መጣ። እሷም «ይኸው የጻፈው ደረሰ» አለች። በሷ ሂሳብ ትክክል ነበርኩ፤ ይሄ ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ። ልክ አልነበርኩም ብላት የማታምነኝ ብቸኛ አንባቢዬ እሷ ናት።

አዲስ አበባ አምጥቼ ያሳከምኳት ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። ቀኝ ዓይኗ ሞራው ተነሳለትና አየ። ግራው አላየም። ሐኪሙ ከሞራው ጀርባ የዓይን ግፊት እንደነበረና ነርቩን እንደጎዳው ነገረኝ። «በዚያን ጊዜ መጥታ ቢሆን ኖሮስ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «ቀድሞ ቢታይ ጥሩ ነበር። ግን መቼ እንደጀመረ አሁን ማወቅ አይቻልም፤ የድሮ ምርመራ የላትም» አለኝ። የድሮ ፎቶ የላትም ማለቱ ነው። ይህን ከዚህ በላይ ላሳምረው አልችልም።

ስለዚህ በኔ ምክንያት አንድ ዓይኗ ጠፋ አልልም፤ አላውቅምና። በኔ ምክንያት አልጠፋም ለማለትም ያው ነው። የማውቀው አንዲት ሐረግ መቁረጤን ነው። ከዚያ ወዲህ «በቅርቡ» የሚል ቃል ምንጭ ላይ ሳገኝ ደውዬ «ስንት ቀን ማለት ነው?» እላለሁ። ባለሥልጣን ከሆነ ይቆጣል፣ ሳይንቲስት ከሆነ ደስ ይለዋል። ቁጥር ካልሰጡኝ ቃሏን አወጣታለሁ። ጽሑፎቼ ስለቀዘቀዙ ሁለት ቦታ ሥራ አጥቻለሁ። አዘጋጆቹን አልወቅስም፤ እኔም ያኔ ጫማ ገዝቼበታለሁ።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ሰሜን ሸዋ ሄጄ ነበር። ማታ መብራት ጠፍቶ ሰማዩ ቁልጭ ብሏል። እታለምን ጋቢ አልብሼ ደጅ አወጣኋት፤ ቀኝ ዓይኗ ሩቅ ያያል። ሦስቱን ኮከቦች አሳየኋት፣ ከዚያ ጣቴን ወደ ቀዩ አዞርኩ።

«ያ ነው እታለም። ያ የጻፍኩት።»

ቀና ብላ ቆየች። እኔ የተዘጋጀሁት ለይቅርታ ነበር፤ በመንገድ ሁሉ ሳጠናው ነው የመጣሁት።

«ይሄ?» አለች። «ይሄንንማ እረኛ ሆኜ አውቀዋለሁ። ከብት ስናስገባ እሱ ነበር የሚወጣው።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «መቼ አልክ የሚፈነዳው?»

«አይታወቅም» አልኳት። «ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ መቶ ሺህ ዓመትም ሊቆይ ይችላል።»

«እንዲህ ብለህ አትጽፍም ነበር?» አለችኝና በረደኝ ብላ ወደ ቤት ገባች።